ትልልቆቹና ትንንሾቹ አብረው ሲሥሉ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ከ1ኛ ክፍል ልጆች ጋር አብረው ስለሚሠሩት ሥዕል፣ ከጎጃም የደወሉ አድማጮች ላነሷቸው ጥያቄዎች የሥዕል መምህሩ የሰጡት መልስ።

መምህርት፣ ከሞጣ፦ ስንት ስንት አድርጌ ልመድባቸው?
አንድ ለአንድ። ትልቁ ሁለት ከያዘ አንደኛው ቁጭ ብሎ ያያል።

የ8ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ የእኔዋ ትንሽ ለላሟ አምስት እግር ሣለችላት። ላስተካክለው?
እንዳትነካው! «ይቺ አምስተኛዋስ ምንድን ናት?» ብለህ ጠይቃት። ጅራት ልትሆን ትችላለች። ከደመሰስክባት በሚቀጥለው ሳምንት «አንተ ሣልልኝ» ብላ ብሩሹን ታስረክብሃለች። ብሩሽ ከትንሽ ልጅ እጅ አይወሰድም።

ወላጅ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ የክፍሉን ግድግዳ በዘይት ቀለም ሊሥሉ ነው። ከእጃቸው በቤንዚን ይለቃል አይደል?
ወንድሜ፣ ይለቃል፤ ግን በፍጹም አታድርጉት! በየትምህርት ቤቱ የማየው ነገር ነው። ቤንዚን በጣሳ ይቀዳና ትልልቆቹ የትንንሾቹን እጅ በጨርቅ ይፈትጋሉ። ቤንዚን ቆዳ ያደርቃል፣ ያቆስላል። ትነቱ ራስ ያዞራል። እሳት ካገኘ ደግሞ ወዲያው ይቀጣጠላል። ቲነርም ያው ነው። በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡት። ልጅ ከጠጣው አታስመልሱት፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በቀጥታ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የዘይት ቀለሙ ራሱም ለልጅ አይሰጥም። አንዳንዱ ሊድ የሚባል፣ አእምሮ የሚጎዳ መርዛማ ብረት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከተዋጠ ሊድ ወደ ሕፃናት ሰውነት የሚገባው ከአዋቂዎቹ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል። የ1ኛ ክፍል ልጅ ጣት ደግሞ ከአፉ አይጠፋም! የድሮውን ቀለም እንዲፍቁም አታዟቸው፤ ብናኙ ይብሳል። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ግዙላቸው። የዘይት ቀለም የነካው ልጅ ካለ የምግብ ዘይት ቀብታችሁ ጥረጉትና በሳሙና እጠቡት።

መምህር፣ ከባሕር ዳር፦ ትንንሾቹ ግድግዳው ላይ አይደርሱም። ወንበር ላይ ይቁሙ?
አይቁሙ። ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብታችሁ ብታዩ ሥዕሉ ያረፈው ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው። እናንተም አቡጀዲ መሬት ላይ ዘርጉ። ሁሉም ተንበርክኮ ይሣል፤ ሲደርቅ ትሰቅሉታላችሁ። ታዲያ ትልልቆቹ ብሩሹን እንዳይቀሟቸው!

እናት፣ ከቢቸና፦ ቀለም መግዣ የለንም።
ከሰል፣ ቀይ አፈር፣ እርድ። አድቅቃችሁ በቀጭን የዱቄት ሙጫ ለውሱት። በውሃ ይታጠባል፤ ቤንዚን የሚባል ነገር አያስፈልገውም።

አባት፣ ከዳንግላ፦ ልጄ ከሥዕል ክፍል ሲመጣ እጁን ያሳክከዋል። ቫዝሊን ልቀባው?
በስልክ አይታይም፣ ጌታዬ። ቀለሙን ያቁምና ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የቀለሙንም ቆርቆሮ ይያዙ፤ ባለሙያው ጽሑፉን ያንብበው።