ከስልኩ ቀድሞ የሚወጣው ወሬ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ገና ለሽያጭ ስላልቀረቡ የእጅ ስልኮች የሚናፈሰው ጭምጭምታና ከአምራቾቹ ጓዳ ሾልኮ የሚወጣው መረጃ ነው። እኔ ይህን ወሬ ከሚንቁት ሰዎች ወገን አይደለሁም፤ እንዲያውም በየዓመቱ በጉጉት ከሚከታተሉት ነኝ። ስከታተለው ግን አንድ ነገር ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጎላ መጥቶብኛል። ይህ ወሬ ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ፈጠራ ሆኖ አይደለም፤ እኛ ስለ ተጠናቀቀ ስልክ የሰማን ሲመስለን፣ የተነገረን ግን በዚያ ሰዓት ስለ ነበረው ዕቅድ ነው። ዕቅድ ደግሞ ምርቱ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩትም ይለወጣል።

በ2023 የወጣውን አይፎን 15 ፕሮ እንውሰድ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስልኩ ከመውጣቱ በፊት ለወራት ሲወራ የነበረው፣ የጎን ቁልፎቹ ሲጫኗቸው ወደ ውስጥ የማይገቡ፣ ጣት ሲያርፍባቸው ግን ከውስጥ በሚነሣ ንዝረት የተጫኑ የሚያስመስሉ እንደሚሆኑ ነበር። ይህን ካሉት አንዱ የአፕልን ዕቃ አቅራቢዎች በመከታተል የሚታወቀው ተንታኝ ሚንግ ቺ ኩዎ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር ሐሳቡ በቴክኒክ ችግር ምክንያት መተዉን ያስታወቀውም ራሱ ነው። በ2021 ደግሞ አይፎን 13 ከሳተላይት ጋር ይገናኛል ተብሎ ብዙ ተጽፎ ነበር፤ ስልኩ ያለዚያ አገልግሎት ወጣ፣ በዓመቱ ግን አይፎን 14 ለአደጋ ጊዜ መልእክት የሚሆን የሳተላይት ግንኙነት ይዞ መጣ። እንግዲህ ይህን ወሬ ሐሰት እንበለው ወይስ የቸኮለ እውነት?

ስለዚህ አንድ መረጃ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስልኩ ከንድፍ እስከ መደርደሪያ ከሚሄድበት ረጅም መንገድ ላይ የት ቦታ ሾለከ የሚለውን ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ምንጭ ከቨር የሚሠሩ ድርጅቶች ናቸው። ከቨር ሠሪ ማለት ያላየውን ሰው ልብስ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው፤ ስልኩ በወጣበት ቀን ሸቀጡ ገበያ ላይ እንዲገኝ ከፈለገ ልኩን አስቀድሞ ከሆነ ቦታ ማግኘት አለበት። እጁ የሚገባው ሥዕልም ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ውፍረቱን እስከ ሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ድረስ፣ እንዲሁም የካሜራው ክፍል ከጀርባ ምን ያህል እንደሚወጣና የቻርጀሩ ቀዳዳ የት ላይ እንዳለ ያሳያል። በኮምፒውተር ተሠርተው የምናያቸው ያማሩ ምስሎችም ብዙ ጊዜ መነሻቸው ይኸው ደረቅ ሥዕል ነው፤ ቀለሙና ብርሃኑ በሠዓሊው ግምት የተጨመረ ነው። ይህም ቢሆን ከዕቅድ ለውጥ አያመልጥም። በ2011 የአይፎን 5 ተብለው ወደ አንዱ ጫፍ የሚሳሳ ቅርጽ ያላቸው ከቨሮች ተሠርተው ነበር፤ በኦክቶበር ይፋ የሆነው ግን የቀድሞውን ቅርጽ የያዘው አይፎን 4ኤስ ነበር።

ከከቨር ሠሪው ይልቅ የምተማመነው በመንግሥት መዝገብ ነው። ስልክ የሬዲዮ ሞገድ የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ በመሆኑ ከመሸጡ በፊት ተፈትሾ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ በአሜሪካ ይህን የሚሰጠው የፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን ነው። አምራቹ ፎቶግራፎቹና የአጠቃቀም መመሪያው ለጊዜው በምስጢር እንዲያዙለት መጠየቅ ይችላል፤ የሬዲዮ ፍተሻው ውጤት ግን ለሕዝብ ክፍት ይሆናል። አንዳንዴም የፈቃድ ቁጥሩ የት ላይ እንደሚታተም ለማመልከት ብቻ የተሣለች አንዲት ተራ ንድፍ የስልኩን ጀርባ ቅርጽ ታጋልጣለች። እዚህ ደረጃ የደረሰ ስልክ ሐሳብ መሆኑ አብቅቷል። ሶፍትዌርም እንዲሁ ሳይታሰብ ይናገራል፤ በ2017 አፕል ገና ላልተሸጠው የድምፅ ማጉያው ለሆምፖድ የለቀቀው ሶፍትዌር ውስጥ ስክሪኑ እስከ ጠርዝ የሚደርስ ስልክ ምልክትና ፊትን ስለሚለይ ቴክኖሎጂ የሚጠቁም ኮድ ተገኘ፤ በሴፕቴምበርም አይፎን 10 ልክ እንደዚያው ሆኖ ይፋ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላነሣው የምፈልገው ግን በ2010 የሆነውን ነው። የአፕል የሙከራ ስልክ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሬድዉድ ሲቲ ከተማ በአንድ ቢራ ቤት ተረስቶ ቀረ፤ ጊዝሞዶ የተባለው ድረ ገጽም 5,000 ዶላር ከፍሎ እጁ አስገባው፣ ፈታታው፣ በኤፕሪልም ለዓለም አሳየው። ከዚህ የተሟላ መረጃ ሾልኮ ያውቃል ለማለት ይከብዳል፤ የመስታወት ጀርባው፣ ዙሪያውን የከበበው የብረት ቀበቶ፣ የባትሪው መጠን፣ ሁሉም ታየ። ስልኩ ግን ከሩቅ ተዘግቶ ስለ ነበር አይሠራም፤ አካሉ እንጂ አገልግሎቱ አልተገኘም። አይፎን 4 በጁን ገዢዎች እጅ ሲገባ ሰው ሁሉ ያወራው ደግሞ ከፎቶግራፎቹ አንዱም ስላላሳየው ነገር ነበር፤ ያ የተደነቀው ቀበቶ አንቴናም ስለ ነበር፣ ከታች በስተግራ ያለውን ክፍተት በእጅ ሲሸፍኑት ሲግናሉ ይወርድ ነበር። ይበልጥ የሚደንቀኝ፣ ቢራ ቤት የተረሳው ስልክ የቀድሞውን ሞዴል እንዲመስል ከቨር ለብሶ መገኘቱ ነው፤ አፕል በጁላይ ለቅሬታው የሰጠው መፍትሔም ለገዢዎች ነጻ ከቨር ማደል ሆነ። መደበቂያውና መድኃኒቱ አንድ ዓይነት ነገር ነበሩ ማለት ነው።

አምራቾቹ በዚህ ወሬ ሁልጊዜ ተጎጂ ናቸው ብዬ አላምንም። ጉግል በ2019 የፒክስል 4 ምስል ሲሾልክበት የስልኩን ጀርባ ራሱ በጁን ወር ለቀቀና ነገሩን ወደ ማስታወቂያ ለወጠው፤ ስልኩ ይፋ የሆነው በኦክቶበር ነበር። በሌላ በኩል የአፕል ሥራ አስፈጻሚ ቲም ኩክ በ2017 ሜይ ወር፣ ስለ መጪዎቹ አይፎኖች የሚወጣው ዘገባ ቀድሞና በዝቶ መምጣቱ ሰዎች ከመግዛት እንዲቆጠቡ ማድረጉን ለባለ አክሲዮኖች ተናግሮ ነበር። ይህን በራሴም አውቀዋለሁ፤ ምንም ያልጎደለው ስልክ በኪሴ እያለ፣ የሚመጣው ባለ ትልቅ ባትሪ ነው የሚል አንድ አንቀጽ ሳነብ የኔው በድንገት ያረጀ ይመስለኛል። የባትሪው አቅም በቁጥር ስለ ተነገረ ግን ስልኩ እስከ ማታ ይቆያል ማለት አይደለም፤ ያን የሚወስኑት ስክሪኑ፣ ፕሮሰሰሩና ሶፍትዌሩም ጭምር ናቸው።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላልና፣ የእኔ መላ መጠንና ቅርጽን የሚመለከተውን ማመን፣ አዲስ አገልግሎትን የሚመለከተውን አንድ ዓመት ሊዘገይ ይችላል ብሎ መያዝ፣ ዋጋን ግን ጨርሶ አለመቁጠር ነው። ዋጋ በፋብሪካ መሥመር ላይ አያልፍም፣ ለከቨር ሠሪም አይላክም፤ ጥቂት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ የሚወስኑት ነው፣ በመጨረሻዎቹ ቀናትም ሊቀየር ይችላል። በ2010 የአፕል ታብሌት አይፓድ ከመውጣቱ በፊት ዋጋው ወደ 1,000 ዶላር እንደሚጠጋ ሲወራ ከርሞ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የአፕል መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስም መድረክ ላይ መጀመሪያ ያሳየው ይህንኑ የተወራውን 999 ዶላር ሲሆን፣ ወዲያው ቁጥሩን በ499 ተካው። የሰማይ ስባሪ የሚያህል ዋጋ ቀድሞ መወራቱ ለሻጩ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያን ዕለት በደንብ ታየ። ስለዚህ በዚህ ሰሞን ስለ መጪው ስልክ ዋጋ የምትጠይቁኝ አድማጮች፣ ስልኩ ይፋ እስኪሆን ድረስ ከእኔ መልስ አትጠብቁ። በሚቀጥለው ዝግጅት እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።