ከጅማ የወጣ ይሁን አይሁን አላውቅም፦ አሮጌ የጦር ጠመንጃ ሲገዛ ምኑ ይታያል?

[ምስል፦ ስልክ ላይ የተከፈተ ፎቶ። የጠመንጃ ሰደፍ፤ እንጨቱ ላይ በቢላ የተቀረጸ ፊደል።]

ይህን ፎቶ የላከልኝ ሚኒሶታ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ከስሩ አንዲት መስመር ብቻ ጽፏል፦ «አንተ፣ ይሄ አማርኛ ነው ወይስ ዓይኔ ነው?»

አማርኛ ነው። «ባላም» ይልና እንጨቱ ይላጣል፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ «ስ» ብቻዋን ቀርታለች። ባላምባራስ ማለቱ ነው። ስሙ የነበረበት ቦታ በእጅ ብዛት አልቆ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል። ባላምባራስ ማን እንደሆኑ እንግዲህ እግዜር ይወቅ።

ሰላም ወዳጆቼ፣ ከጅማ ነኝ። ዛሬ የምናወራው ስለ አሮጌ የጦር ጠመንጃ አገዛዝ ነው። የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ በክለብ ሜዳ ወረቀት ላይ ይተኩሳል፤ ሌላ ሱስ የለውም። ሦስት ጠመንጃ አማርጦ የቱን ልግዛ ብሎ ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ ነሳኝ። እኔ ጠመንጃ የለኝም፤ ታሪኩንና አሠራሩን ግን እወዳለሁ። እሱ ደግሞ በቪዲዮ እያሳየኝ እያንዳንዷን ብሎን አብረን ነው ያየነው።

አንድ ነገር ቶሎ ብዬ ልለፍ። አገር ቤት ሆናችሁ የምታዩ፦ ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝ፣ መግዛትም ሆነ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው። የማወራው አሮጌ ጠመንጃ በሕጋዊ ሱቅ ስለሚሸጥበት አገር ነው። አበቃሁ።

[ምስል፦ ሂርማታ ገበያ፣ የጀንፈል ከረጢቶች።]

አባቴ ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ይገዛ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ አብሬው እሄዳለሁ። ሻጩ ከረጢቱን እየመታ ያወድሳል፣ አባቴ አይሰማውም። እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ከረጢቱ ውስጥ ይከታል፣ ከታች አንድ ጭብጥ ያወጣል፣ ሁለት ሦስት ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ ፍሬውን ያያል፣ ያሸታል። ከላይ የተቀመጠው ሁልጊዜ ቆንጆ ነው።

የአሮጌ ጠመንጃ ሻጭም እንደዚያው ነው። ሰደፉ በቅባት ያብለጨልጫል፣ ታሪክ ይነገርለታል፣ ዓመቱ ይጠራል። ገዢው መክፈል ያለበት ግን ለአፈሙዙ ውስጥና ለሚበላው ጥይት ነው። የአክስቴን ልጅ ይህን ለማስረዳት ብዙ ደክሜያለሁ። እሱ ፊደሏን ካየ ጀምሮ ልቡ ሄዷል።

[ምስል፦ ሦስቱ ጠመንጃዎች ጎን ለጎን።]

ምርጫዎቹ እነዚህ ናቸው። አንደኛው የሩሲያው ሞሲን ናጋንት፣ 91/30 የሚባለው። ሁለተኛው አሜሪካ ሠራሽ ኤም ዋን ጋራንድ። ሦስተኛው ባለ ፊደሉ፣ ጣሊያን ሠራሽ ካርካኖ፤ ሳንጃው ከጫፉ ላይ የሚታጠፍ አጭሩ የፈረሰኛ ጠመንጃ።

ከሞሲን ልጀምር። አምስት ጎራሽ ነው፣ ርዝመቱ 123 ሴንቲ ሜትር፤ የስድስት ሰባት ዓመት ልጅ ያህል ቁመት አለው ማለት ነው። በሚሊዮኖች ተሠርቷል፤ ከሶቪየት መጋዘን ሲወጣ አንዳንዱ ሱቅ ከ100 ዶላር በታች ይሸጠው ነበር። «ርካሽ ነው» የሚለው ዝናው የመጣው ከዚያ ዘመን ነው፤ ዝናው ቀርቷል፣ ዋጋው ግን ሄዷል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ከሩሲያ ለሚገባ ጥይት አዲስ ፈቃድ መስጠት ካቆመች ወዲህ ደግሞ ጥይቱም እንደ ድሮው አይደለም።

ሞሲን ላይ የሚያታልል ነገር አለ። ማቀባበያው፣ ካዝናው፣ የሰደፉ መጨረሻ ብረት፣ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ታያላችሁ። «ሁሉም ኦሪጅናል ነው» ይላል ሻጩ። ሶቪየቶች ግን ከጦርነቱ በኋላ ጠመንጃዎቹን ፈታተው፣ ጠጋግነው፣ ከተለያየ ጠመንጃ የመጣውን ዕቃ ገጣጥመው አዲስ ቁጥር መትተውበታል። ቁጥሩ ተመሳሰለ ማለት አብረው ተወለዱ ማለት አይደለም። አሮጌው ቁጥር ተሰርዞ አዲሱ ከጎኑ የተጻፈበትም አለ፤ እሱ እንኳ ሐቀኛ ነው።

ጫፉንም እዩ። ወታደር ጠመንጃውን የሚወለውለው ዘንጉን ከአፈሙዙ ጫፍ አስገብቶ ነው። ዘንጉ ዓመት ሙሉ ጠርዙን ሲያሸው ጫፉ ያልቃል፣ አረሩም ሲወጣ ወደ አንድ ጎን ይገፋል። ጠጋኞቹ ያለቀውን ጫፍ ከውስጥ በሰፋ መሰርሰሪያ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይበሱታል። ይህ ጥፋት አይደለም፣ በትክክል ሊመታላችሁም ይችላል። ጫፉ ላይ ግን አረሩን የሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ ቦይ የማይታይ ከሆነ «አዲስ ነው» የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

ጋራንድ ሌላ ዓለም ነው። ስምንት ጎራሽ፣ በየጥይቱ ራሱ የሚያቀባብል። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሲዘምት የያዘው ይህንኑ ነው። እዚህ ጅማ ያሉ የድሮ ወታደሮች ስሙን ስትጠሩላቸው እጃቸው ወዲያው ጥይት የሚከተውን ሰው ይሠራል፦ አውራ ጣት ወደ ታች፣ የመዳፍ ጎን ማቀባበያውን ገፍቶ ይይዛል። ማቀባበያውን ሳይዙ አውራ ጣታቸውን ብቻ ወደ ውስጥ የከተቱ ምልምሎች ደግሞ ጥፍራቸው ለምን እንደጠቆረ አይረሱትም። ስምንቱ ጥይት ሲያልቅ ማቀፊያው ቆርቆሮ «ፒንግ» ብሎ ወደ ላይ ይዘላል።

አሜሪካ ውስጥ ጋራንድን ለዜጎቿ የሚሸጥ ሲቪልያን ማርክስማንሺፕ ፕሮግራም የሚባል ድርጅት አለ። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፦ ጠመንጃዎቹን በደረጃ ለይቶ፣ የአፈሙዙን ጫፍና የጉሮሮውን፣ ማለትም አረሩ ከማደሪያው ወደ ቦዩ የሚገባበትን ቦታ፣ ድካም በመለኪያ ለክቶ ነው የሚሸጠው። ከረጢቱን ገልብጦ ያሳያል ማለት ነው። ጥይቱ፣ ሠላሳ ዜሮ ስድስት የሚሉት፣ በየሱቁ ይገኛል። ግን አደራ፤ ለዛሬ አደን ተብሎ በከባድ አረር የሚሠራውን አይወድም። የጋዙ ግፊት ማቀባበያውን የሚገፋውን ረጅም ዘንግ ያጣምማል። ለጋራንድ ተብሎ የተሠራውን ግዙ።

ዘመድ ላልሆነ ሰው የምመክር ቢሆን «ጋራንዱን ግዛ» ብዬ ነገሩን እዘጋው ነበር። ብዬዋለሁም። የመለሰልኝ ግን፣ «ባላምባራስን ለማን ልተዋቸው?» የሚል ነው።

[ምስል፦ የካርካኖው አፈሙዝ ላይ ያለው ማኅተም በቅርበት።]

እንግዲህ ካርካኖውን በቅርቡ እንየው። ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች ባለፉት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ በየሱቁ ታይተዋል፤ ይህም ከእነዚያ አንዱ ነው። አፈሙዙ ላይ 1936 ይላል፣ ከጎኑ በሮማ ቁጥር 14። ያ የፋሺስቶቹ የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር ነው፤ ሙሶሊኒ ሮም ከገባ የተቆጠረ 14ኛ ዓመት። በእኛ 1928 መሆኑ ነው፣ አዲስ አበባ የተያዘችበት ዓመት። ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ጣሊያን እስከ ጅማ መጣ፤ ደቡብ ምዕራቡን የሚገዛበት ዋና ከተማም አደረጋት። ፈረንጅ አራዳ ውስጥ ስታልፉ የምታዩዋቸው የድንጋይ ቤቶች የዚያ ዘመን ናቸው። አምስት ዓመት ሳይሞላ ሄደ፣ ጠመንጃው ቀረ። ከጣሊያን እጅ ወደ ባላምባራስ እጅ እንዴት እንደዞረ መገመት አያቅትም።

የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ያስፈራው ሰደፉ ነበር። አንገቱ ላይ ተሰብሮ በሌላ እንጨት ተለጥፏል፣ በጠፍርም ተጠፍሯል። ፎቶውን ይዤ በርጩማ ወደሚሠሩ አንድ ጋሼ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ስልኬን ወደ በሩ ብርሃን ዘንበል አድርገው አዩት።

«ይቺ የተለጠፈችዋ ዋንዛ ናት» አሉኝ። «ሌላው የፈረንጅ እንጨት ነው። ጠፍሩን እርጥቡን ነው የጠመጠመው፣ ሲደርቅ ራሱ ይዞታል። ሰውዬው ሥራ ያውቃል።»

«ይፈታ ይሆን ጋሼ?»

«ማን ፍታ አለህ?»

ወሬው በዚህ አለቀ። እውነታቸውን ነው። ሰደፍ እንጨት ነው፣ ይጠገናል። ጠመንጃውን የሚያስጥለው ብረቱ ነው።

ብረቱ ላይ ሁለት ነገር አየን። አንደኛው አፈሙዙ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሦስት ጊዜ አይቶ፣ ማቀባበያውን አውጥቶ፣ ከኋላ ብርሃን አብርቶ በካሜራ አሳየኝ። ውስጡ ጠቁሯል፣ እንደ ጀበና ቂጥ። ጥቁረት ብቻውን አያስደነግጥ። የምትፈልጉት የቦዮቹን ጠርዝ ነው፤ ጠርዙ ስል ሆኖ ከታየ አረሩን ይይዛል። ያበራ ግን ቦዩ ያለቀ አፈሙዝ፣ ከጠቆረና ቦዩ ካለው ይብሳል። የእሱ ጠርዝ ነበረው።

ሁለተኛው በዓይን የማይታይ ነው። ጥይቱ ማደሪያው ውስጥ ገብቶ ማቀባበያው ሲዘጋ፣ በማቀባበያው ፊትና በቀለሁ ቂጥ መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው። ከልኩ ከሰፋ፣ ሲተኮስ ቀለሁ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ቂጡ አካባቢ ይሰነጠቃል፣ የባሩዱ ጋዝም ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል። ማቀባበያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ከሆነ ይህ ሥጋት ይብሳል። የሚለካው በሦስት የብረት መለኪያዎች ነው፦ አንዷ ላይ መዘጋት አለበት፣ ሁለተኛዋ ላይ ባይዘጋ ይመረጣል፣ ሦስተኛዋ የመጨረሻዋ ላይ በፍጹም መዘጋት የለበትም። የአንዷ መለኪያ ዋጋ ከአንድ ሳጥን ጥይት ዋጋ ብዙ አይርቅም። ራሳችሁ ባታውቁበት ለጠመንጃ ሠሪ ስጡት። ይህን ሳታስለኩ ከተኮሳችሁ እኔ የለሁበትም።

የካርካኖው ሁለተኛዋ ላይ ተዘጋ፣ ሦስተኛዋ ላይ እምቢ አለ። ለዕድሜው ደህና ነው። ገዛው።

[ምስል፦ አንበሳ ማኅተም ያለበት ቤልጅግ፤ ከአጠገቡ ውጅግራ።]

እግረ መንገዴን ስለ ሁለት ጠመንጃዎች ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ፎቶ ስትልኩ ቆይታችኋል። ቤልጅግ የምንለው ቤልጅየም የተሠራው ማውዘር ነው፤ የይሁዳ አንበሳ ከተመታበት ሰብሳቢዎች ተሻምተው ይገዙታል። ለመተኮስ ከሆነ የምትፈልጉት ግን አንበሳው አፈሙዙ ውስጥ ምንም አይሠራላችሁም።

ውጅግራ ደግሞ ስሙ የመጣው «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው፣ ግራ የሚባለው መኮንን የሠራው ጠመንጃ ለማለት። እ.ኤ.አ. የ1874 ነው፣ አንድ ጎራሽ፣ 11 ሚሊ ሜትር። ዓድዋ ላይ ከተተኮሱት አንዱ ነው። የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ የዛሬውን ጭስ አልባ ባሩድ ብታጎርሱት ብረቱ አይችለውም። እ.ኤ.አ. ከ1899 በፊት የተሠራ ጠመንጃ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እንደ ቅርስ ስለሚቆጠር መግዛቱ ይቀልላል፤ መተኮሱ ግን አይቀልም። ግድግዳ ላይ ያምራል።

ወደ ካርካኖው። የመጀመሪያው ቅዳሜ አሳፋሪ ነበር። 100 ሜትር ላይ ያለ ወረቀት ላይ ስድስት ጥይት ተኩሶ አራት ቀዳዳ አገኘ፤ እነሱም እንደ ተበተነ ጥሬ። «አፈሙዙ አልቋል ብለህ አትነግረኝም ነበር?» ብሎ ደወለ። አፈሙዙ አላለቀም። ካርካኖ «6.5» ይባላል እንጂ አረሩ ከሌሎቹ 6.5 ጠመንጃዎች አረር በ0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል። እሱ የገዛው ቀጭኑን ነበር። ቀጭን አረር ቦዩን አይሞላም፣ እየተንገዋለለ ይወጣል። ሁለተኛው ጥፋት ማነጣጠሪያው ነው፤ ለረጅም ርቀት ስለተሠራ 100 ሜትር ላይ ከፍ ብሎ ይመታል።

[ምስል፦ አሞሌ ጨው በሳህን፤ ሥሩ ውሃ ቋጥሯል።]

ከመተኮሱ በላይ የምፈራለት ግን ከተኮሰ በኋላ ያለው ነው። ድሮ ለወታደር የተሠራ ጥይት፣ ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው ማቀጣጠያ ስትነድ አፈሙዙ ውስጥ ጨው ትታ ትሄዳለች። ጨው ምን እንደሚያደርግ ለጅማ ሰው አይነገርም። ክረምት ላይ አሞሌ ሳህን ላይ ብታስቀምጡ በነጋታው ሥሩ ውሃ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አፈሙዙ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ እርጥበት ይስባል፣ በቀናት ውስጥ ያዝገዋል። ዘይት ጨው አያሟሟም፤ ስለዚህ ዘይት ብቻ የቀባ ሰው ጨዉን ከታች ሸፍኖት ነው የተኛው። የፈላ ውሃ ነው የሚያወጣው። የፈላ ውሃ፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ፣ ዘይት መጨረሻ ላይ። ባላምባራስ ይህን ያውቁ ነበር መሰለኝ፤ ባያውቁማ ያ ጠርዝ እስከ ዛሬ አይቆይም።

[ምስል፦ የወረቀት ዒላማ በቅርበት፤ ስድስት ቀዳዳ።]

ሦስተኛው ቅዳሜ፣ በወፍራሙ አረር፣ ዝቅ አድርጎ አነጣጥሮ፣ ስድስቱም አንድ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ በሚሸፍነው ቦታ ገቡ። ወረቀቱን ልኮልኛል፤ ጋራንዱን ለሚመጣው ዓመት አስተላልፎታል። ጠፍሩ አሁንም እዚያው እንደተጠመጠመ ነው። የክለቡ ሰዎች አዲስ ሰደፍ እንግዛልህ ቢሉት፣ «ማን ፍታ አለህ?» ብሎ በአማርኛ መለሰላቸው አሉ።