ሰሌዳው ላይ የቀረው ፕላስተር

በሐዋሳ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተጠሪ መምህራን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ እንግዶቻችን፣ ውድ የሙያ አጋሮቼ፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ የክበብ ልጆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ። አዳራሹን በነጻ የሰጡንን እናመሰግናለን። ቡናውን የምታፈላልንን እትዬንም እንዲሁ። ለ3 ሰዓት የጠራነው ስብሰባ 4 ሰዓት ከሩብ ላይ በመጀመሩ ግን የማመሰግነው ሰው የለም።

አባላት 23 ነን። እዚህ ያለነው 12 ነን። 12ኛው ደግሞ ጸሐፊያችን ባጃጅ ይዞ ሄዶ ከቤቱ ያመጣው ነው። አንተ ወንድሜ፣ አትሸማቀቅ። አንተማ መጥተሃል።

ሪፖርቱ በእጃችሁ ስለሆነ አላነበውም። በ6 ትምህርት ቤቶች የግድግዳ ጋዜጣ ወጥቷል። ባለፈው ክረምት የ3 ቀን ሥልጠና ሰጥተናል። አንድ የድምፅ መቅረጫ ገዝተናል። የአንዱ ትምህርት ቤት ድምፅ ማጉያ ተቃጥሏል። በቃ፣ ዓመቱ ይኸው ነው።

ስለ ገንዘብም ብዙ አልልም። የዓመት መዋጮ 100 ብር ነው፤ የከፈለው 9 ሰው ነው። ገንዘብ ያዣችን ስልክ ስትደውል የማያነሱ አባላት እንዳሉ ነግራኛለች። "ያለ ገንዘብ ምን ጋዜጣ አለ?" ለሚሉኝ ግን አንድ ነገር ላስታውስ። በምኒልክ ዘመን "አእምሮ" ጋዜጣ ሲጀመር እንድርያስ ካቫዲያ የተባለ ግሪካዊ በእጅ እየጻፈ ነበር የሚያዘጋጀው። ቅጂውም ሃያ ምናምን ቢሆን ነው። እኛ ዛሬ ፒያሳ ወርደን ፎቶ ኮፒ እናስነሳለን። ስለዚህ የጎደለን ገንዘብ ብቻ አይመስለኝም።

ወደ ሥልጠናው ልመለስ፤ እሱ ላይ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። በሁለተኛው ቀን ልጆቹን አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ወሰድናቸው። የሰጠናቸው ሥራ ቀላል ነው። ዛሬ ቆሮሶ ዓሣ ስንት ነው የሚሸጠው? አጣርታችሁ በ5 ዓረፍተ ነገር ጻፉ። 14 ልጆች ሐይቁ ዳር ተበተኑ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ልማዳቸው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ፣ ልጆቹ ደግሞ አባ ኮዳ ፎቶ ያነሳሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ 5 ዓይነት ዋጋ ይዘው ተመለሱ። አንዱ ለቱሪስት የተጠራውን ዋጋ ጽፏል። ሌላው የተጠበሰውን ዋጋ። አንዱማ ጭራሽ ማንንም አልጠየቀም፤ አጎቱ ጋ ደውሎ ነው።

አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ግን ዘግይታ መጣች። ሁለት ዋጋ ጽፋለች፣ የጠዋትና የረፋድ። ለምን እንደተለያየ ዓሣ አጥማጁን ጠይቃዋለች። ፀሐይ ሲበረታ ዓሣው ስለማይቆይለት ዋጋውን እንደሚቀንስ ነግሯታል። እሷም ጽፋዋለች። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚለውን ልጆቻችን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃላቸው ይወጡታል። "ለምን" ላይ ሲደርሱ ግን አብዛኞቹ ይዘሉታል። እሷ አልዘለለችም። ይቺን ልጅ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። አብዛኛው ሚኒ ሚዲያችን ምንድነው? ከባንዲራ በኋላ የዕለቱ ጥቅስ። በእረፍት ሰዓት አንድ ግጥም፣ ሁለት ቀልድ፣ ሦስት ዘፈን። እኔ ግጥም አልጠላም። ዜና ግን አይደለም። ልጆቹ ዜና የሚያገኙት ከቴሌግራም ነው። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ ያየነው ነው። በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋ ተፈታኝ 30 ሺህ አይሞሉም። ይህን ቁጥር ግቢው ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። ከእኛው ትምህርት ቤት ስንት ተፈተነ፣ ስንት አለፈ ብሎ መዝገብ ቤት የሄደ የክበብ ልጅ ግን አላጋጠመኝም። መዝገብ ቤቱ ከክበቡ ክፍል 40 እርምጃ ቢርቅ ነው።

አሁን ወደ ኅዳሩ ጉዳይ። ሁላችሁም የምትጠብቁት እሱን ነው፤ አውቃለሁ።

የዓሣዋ ልጅ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ገባች። ስለ ትምህርት ቤቷ ውሃ ጽፋ ረቂቁን ለእኔ አሳየችኝ። የመጀመሪያው እንዲህ ይል ነበር፦ "በትምህርት ቤታችን ውሃ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ሆነው። ሁሉም ተማሪ ተማርሯል። የሚመለከተው አካል መፍትሔ ይስጠን።"

ብዙ ጊዜ ማለት ስንት ቀን ነው አልኳት። ዝም። ሁሉም ተማሪ ስትዪ ስንቱን ጠየቅሽ? "ሁለት ጓደኞቼን፣ ቲቸር።" የሚመለከተው አካልስ ማነው? ስም የለውም? ቢሮ የለውም? ሳቀች። እኛም እኮ በየስብሰባው የምንለው ይህንኑ ነው።

ተመልሳ ሄደች። የጥበቃ ሠራተኛውን ጠየቀች፤ ፓምፑ የተቃጠለበትን ቀን ነገራት። የጽዳት ሠራተኞቹን ጠየቀች፤ ውሃ በጀሪካን ከየት እንደሚያመጡ አሳዩዋት። ሰባት ሴት ተማሪዎችን አነጋገረች። ሁለቱ በወር አበባ ሰሞን ከቤት እንደሚቀሩ ነገሯት፤ ስማቸውን እንዳትጽፍ ለመኗት፤ አልጻፈችም። የጥገና ጥያቄው ደብዳቤ ፊርማ ሲጠብቅ 3 ሳምንት እንደሆነው ደረሰችበት። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ሁለት ቀን ጠበቀች። በሁለተኛው ቀን አስገቧት። ግዢው በሒደት ላይ ነው አሏት። ያሉትንም እንዳሉት ጻፈችው።

ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። በእረፍት ሰዓት የለም።

ሳምንቱ ውስጥ በዚያ በኩል ሳልፍ ሰሌዳውን አየሁት። አራቱ ማዕዘን ላይ ፕላስተሩ አለ። በየፕላስተሩ ሥር ጥፍር የምታህል ቁራጭ ወረቀት ቀርታለች። አንደኛዋ ቁራጭ ላይ "ሃ" የምትል ፊደል ትታያለች። "ውሃ" ከሚለው የተረፈች ትሆናለች።

የቀደደው ርዕሰ መምህሩ አይደለም። ዩኒት ሊደሩም አይደለም። የራሳችን አባል ነው፣ የዚያው ክበብ ተጠሪ። በታኅሣሡ ስብሰባ ራሱ ተናግሯል። ማንም አላዘዘኝም ነው ያለው። ለልጅቷ ብዬ ነው አለ። እኔን ያመመኝ ይቺ "ማንም አላዘዘኝም" ናት።

እሱም ቅሬታ ነበረው። በእኔ ክበብ ምን አገባህ አለኝ። እውነቱን ነው። ረቂቁን ስታሳየኝ መጀመሪያ ለእሱ መንገር ነበረብኝ፤ አልነገርኩትም። ጥፋቴ ነው፤ ዛሬም በሁላችሁ ፊት እለዋለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ማንኛውም ጽሑፍ ቅድሚያ ተነቦ፣ ማህተም ተመትቶበት ይውጣ አለ። ግማሹ ማንም አይንካው አለ። የሥነ ዜጋ መምህራኖቻችን ሕገ መንግሥቱን አመጡ። አንቀጽ 29 ለፕሬስ ቅድመ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል አለ አንዱ። ያው አንቀጽ ንዑስ 6 ላይ የወጣቶችን ደህንነትና የሰውን መልካም ስም ለመጠበቅ ገደብ ይፈቅዳል አለ ሌላው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለቱም ሻያቸውን ሳይጠጡ ወጡ።

ሌላ አባላችን ደግሞ የአሜሪካኖቹን ጉዳይ አነሳ። ከስብሰባው በኋላ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሚዙሪ ውስጥ ሄዝልውድ ኢስት በሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1983፣ ርዕሰ መምህሩ ከተማሪዎች ጋዜጣ ሁለት ገጽ ያወጣሉ። አንዱ ጽሑፍ ስላረገዙ ተማሪዎች ነው። ሌላው ስለ ወላጆች ፍቺ። ተማሪዎቹ ከሰሱ። በ1988 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 3 በሆነ ድምፅ ለትምህርት ቤቱ ፈረደ። "አያችሁ! አሜሪካም ይቀደዳል" ተባለ እዚህ።

ግን ርዕሰ መምህሩ ያቀረቡትን ምክንያት አንብቡት። ነፍሰ ጡሮቹ ልጆች ስማቸው ቢቀየርም ሊታወቁ ይችላሉ ብለው ሰጉ። የፍቺው ጽሑፍ ላይ የተወቀሰው አባት መልስ የመስጠት ዕድል አላገኘም አሉ። በዚያ ፍርድ ብስማማም ባልስማማም፣ እነዚህ ሁለቱ የጋዜጠኝነት ሀሁ ናቸው። የእኛዋ የ10ኛ ክፍል ልጅ ደግሞ ሁለቱንም አሟልታለች። የልጆቹን ስም ደብቃለች። የተወቀሰውን ሰው በር ላይ ሁለት ቀን ቆማ ጠይቃለች። እና ምን ጎደላት? ምን ብታደርግ ነበር የማይቀደድባት?

እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። ተጠሪ መምህር ከመለጠፉ በፊት ማንበብ አለበት። አንብቦ ግን ይጠይቅ። ይኼን ማን ነገረህ? ሌላኛውን ወገን ጠየቅሽ? ቁጥሩ ከየት መጣ? መልሱ ከሌለ ጽሑፉ አይወጣም፤ ልጁ ተመልሶ ይሄዳል። መልሱ ካለ ግን ተጠሪው እጁን ይሰብስብ። ቀይ እስክሪብቶውንም ጭምር።

ቀይ እስክሪብቶ ስል ራሴንም ነው። ከዓመታት በፊት የአንድ ልጅ ጽሑፍ አስተካክልለታለሁ ብዬ ከላይ እስከ ታች ጻፍኩለት። ውድድር ላይ ተሸለመ። መድረክ ላይ ወጥቶ ሲያነብ አንድ ቃል ላይ ተደናቀፈ፤ ቃሉ የእኔ ነበር። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ክበቡን ረግጦት አያውቅም።

አሁን ላልመጣው ወንድማችን ልናገር። ስሙን አልጠራም። ይህን ንግግር አንዱ ቀርፆ በቴሌግራም እንደሚልክለት አውቃለሁ። (ስልኩን እያየሁት ነው፤ ቀጥል፣ ችግር የለም።)

ስማ እንግዲህ። እኔና አንተ አንድ ክበብ ውስጥ ነው ያደግነው። በስቴንስል ስናባዛ አመሻሽተን፣ ቀለሙ እጃችን ላይ ደርቆ፣ እናትህ በኦሞ ስታሽህ ትዝ ይለኛል። ያኔ ስለ ክበቡ ሻይ ቤት ብርጭቆ ጽፈህ ዩኒት ሊደሩ ሲቆጣ፣ ቲቸራችን ወረቀቱን አልቀደደውም። "የጻፈው ውሸት ከሆነ ንገረኝ፣ አስተካክለዋለሁ" ነው ያለው። አንተ ከኋላው ተደብቀህ ነበር። እኔም ካንተ ኋላ። ፈርተህ እንደነበር አውቃለሁ፤ በኅዳርም ፈርተህ ነው። የቤት ኪራይ አለብህ፣ ሁለት ልጆች አሉህ፣ ዝውውር የሚባል ነገር አለ። ይህን የማላውቅ መስሎህ እንደሆነ ተሳስተሃል። ፍርሃትህን ግን ለልጅቷ ብዬ ነው አትበለው። ልጅቷ ያን ቀን ስትፈልግህ ነበር፤ ስታጣህ ወደ እኔ መጣች። ና፣ መጀመሪያ ከእሷ ጋር ተነጋገሩ፣ ከዚያ እኔን ስደበኝ። መዋጮህን እኔ ከፍዬልሃለሁ፤ ቡና ትጋብዘኛለህ።

ሌሎቻችሁ ያልመጣችሁ አሥር ሰዎችስ? እናንተ ከማን ጋር ተጣላችሁ? ከማንም። ዝም ብላችሁ ነው። እሱ እንኳ ተቆጥቶ ነው የቀረው።

ለማወቅ ለምትፈልጉ፣ ፓምፑ በጥር ተጠግኗል። ጽሑፉ ስለወጣ ነው ወይስ ፊርማው ተራው ስለደረሰ? ልጅቷን ጠየቅኳት። "አላጣራሁም፣ ቲቸር፤ ስለዚህ በጽሑፉ ምክንያት ነው ማለት አልችልም" አለችኝ።

ዛሬ ከኋላ ተቀምጣለች፣ ማስታወሻ ይዛ። ጠዋት በር ላይ ስንት አባል እንደመጣ ጠይቃኝ ግማሽ ያህል አልኳት። "ያህል ስንት ነው?" አለች። ገብቼ ቆጠርኩ። 23ን እና 12ን ያገኛችሁት ከእሷ የተነሳ ነው።

አጀንዳ አንድ ጸሐፊያችን እጅ ላይ ነው። ከመለጠፉ በፊት ተጠሪው ጥያቄ ይጠይቃል፤ ከተለጠፈ በኋላ ክበቡ ተሰብስቦ ካልወሰነ ማንም አያነሳውም። ሁለት መስመር ነው። ክርክር ያለው አሁን ይናገር፣ ከዚያ እጅ እናወጣለን። ምልዓተ ጉባኤው የሞላው በ12 ሰው ነው፤ ስለዚህ ድምፅ እስክንሰጥ ማንም ስልክ ላናግር ብሎ እንዳይወጣ። ቡናው ገና እየተቆላ ነው።