አይባስ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከጅማ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፣ ድምፁ ከገባ ይቅርታ። ትንሽ ጠብቄ ነበር፣ ግን የጅማን ዝናብ ጠብቆ የቀዳ ሰው የለም።

ዛሬ ስለ ላፕቶፔ ነው የማወራው። ዊንዶውስን ትቼ ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ የኮምፒውተር ማስነሻ ሥርዓት መጠቀም ከጀመርኩ 5 ወር ሆነኝ።

ነገሩ የመጣው ከጥቅምት ነው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ነፃ የደህንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ላይ አበቃ። ወደ 11 እንዳልሄድ ደግሞ ላፕቶፔ አይችልም። አሮጌ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ከሚጠየቀው በታች ነው። እቃው ግን ይሠራል! የሚሠራ እቃ መጣል እናቴ አላስተማረችኝም።

ሊኑክስ በነፃ ነው ብዬ ስነግረው ሰው ምን ይለኛል? «ዊንዶውስም እኮ በነፃ ነው።» እውነቱን ነው። እኔ በማውቀው ሰፈር ለዊንዶውስ ብር የከፈለ ሰው የለም። ሱቅ ትወስዱታላችሁ፣ «ፎርማት አድርግልኝ» ትላላችሁ፣ ልጁ ይጭናል፣ ክራኩን፣ ማለትም ሳይከፈል እንዲሠራ የሚያደርገውን፣ ያስገባል፣ አለቀ። ክራኩ ውስጥ ምን እንዳለ ልጁም አያውቅ፣ እናንተም አታውቁ። እኔ በየስድስት ወሩ እመላለስ ነበር። በነፃ ነበር፣ ነፃ ግን አልነበረም። አንዲት «በ» ናት ልዩነቷ። ሊኑክስ ላይ ኮዱ፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ማለቴ ነው፣ የተገለጠ ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ይቀይረዋል፣ ለጎረቤት ገልብጦ ቢሰጥ ሌባ የሚለው የለም።

ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የ21 ዓመት ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ነው የሊኑክስን እምብርት የጀመረው። ስልካችሁ አንድሮይድ ከሆነ ሊኑክስ ኪሳችሁ ውስጥ አለ። እኔ የጫንኩት ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ዓይነት ነው፣ ለደካማ ማሽን የሚሆነውን ቀለል ያለውን።

የሌሊት ፓኬጅ ገዝቼ አወረድኩት፣ 3 ጊጋ ገደማ ነው። ፍላሽ ላይ አዘጋጀሁት። ደስ ያለኝ ነገር፣ ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ይከፈታል፤ ታዩታላችሁ፣ ካልጣማችሁ ፍላሹን ነቅላችሁ ትወጣላችሁ። እኔ ስከፍተው ዋይፋዩ የለም። ደነገጥኩ። ለካስ የዚያ ዋይፋይ ካርድ ድራይቨር፣ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ለብቻው ነው የሚወርደው። ታዲያ ኢንተርኔት ሳይኖር ኢንተርኔት የሚያመጣውን ነገር ከየት አምጥቼ ላውርድ? ሁለት ቀን ተቀመጠ። መፍትሔው በቻርጀር ገመድ ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ የስልኩን ዳታ ማጋራት ብቻ ነበር። ሁለት ቀን!

ከዚያ በኋላ መጫኑ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሳይደርስ አለቀ። መብራትም አልጠፋም፣ ተመስገን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኔ የሰፈራችን እድር ፀሐፊ ነኝ። መተዳደሪያ ደንቡ፣ የአባላት ዝርዝሩ፣ ከቀድሞው ፀሐፊ የተረከብኩት ሁሉ እዚህ ላፕቶፕ ላይ ነው። ሊብሬኦፊስ በሚባለው፣ እንደ ወርድ ባለው መጻፊያ ላይ ደንቡን ከፈትኩት። ምን ይታየኛል? የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ የጥያቄ ምልክት፣ ዝብርቅርቅ። አንድ የአማርኛ ፊደል የለም። እጄ ቀዘቀዘ። የእድር ደንብ ያጠፋ ፀሐፊ በጅማ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

አልጠፋም ነበር። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የሚያደርጉት፣ በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛውን ሥዕል መሳል ነበር። ፋይሉ ውስጥ ያለው እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከሌለ ጭምብሉ ይወልቃል። ዩኒኮድ ከመጣም በኋላ ብዙ ጸሐፊ በለመደው ቀጠለ፣ የኛም እንደዚያው። ከአሮጌ ፍላሽ ላይ ፎንቱን ፈልጌ አስገባሁት፣ ደንቡ ተመለሰ። «አንቀጽ አንድ» ስትል አንጀቴ ራሰ።

ግን አሰብኩ። ያ ፎንት አንድ ቀን ቢጠፋስ? ስለዚህ ማታ ማታ እንደገና በዩኒኮድ እየጻፍኩት ነው። የምጽፍበት ፕሮግራም ስሙ ምን ይባላል? አይባስ! እውነቴን ነው። የሠሩት ሰዎች በእንግሊዝኛ (IBus) ሌላ ነገር ለማለት ነው፣ ለኛ ግን በትክክል የሚያስፈልገን ስም ነው። ኤስ ስትመቱ «ስ»፣ ኢ ስትጨምሩ «ሰ»። «ሽ» በኤክስ ነው፣ እሱን እስክለምድ አንድ ሳምንት ተሳድቤያለሁ። «ኝ» በትልቁ ኤን። ልጄ የአፋን ኦሮሞ የቤት ሥራውን ሲጽፍ ደግሞ ሁለት ቁልፍ ተጭኖ ወደ ላቲኑ ይቀይራል።

አንድ ሌላ ደስታ ልጨምር። ማተሚያ ቤት ፍላሽ ሰጥታችሁ፣ ስትመለሱ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ባለፈው ሳምንት ደረሰብኝ። ሊኑክስ ላይ ስሰካው ቫይረሱ የደበቃቸው ፋይሎቼ በግልጽ ተቀምጠዋል። ሾርትከቶቹም ከነቫይረሳቸው አጠገባቸው ፈዝዘው ቆመዋል። ያ ቫይረስ ለዊንዶውስ የተጻፈ ነው፣ እዚህ የሚያናግረው የለም። አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። ትንሽ ክፋት ተሰማኝ፣ አልዋሽም።

ሁሉም ግን አልሞላም። ባለቤቴ የነጋዴዎች ሒሳብ ትሠራለች፣ የምትሠራበት ፕሮግራም የዊንዶውስ ነው። ሊኑክስ ላይ ለማስነሳት ሦስት ማታ ታገልኩ፣ ይከፈትና ሪፖርት ሲባል ይዘጋል። ስለዚህ የድሮውን ዊንዶውስ ከሃርድ ዲስኩ ግማሽ ላይ ትቼላታለሁ፣ ከኢንተርኔት አላገናኘውም። ሲበራ የትኛው ይከፈት ብሎ ይጠይቃል።

ይኸው አሁንም ከጓዳ እየጠራችኝ ነው። የወር መዝጊያ ነው። «የአንተን ዝጋና የኔን ክፈትልኝ» ትላለች። ልዝጋው መሰለኝ። ደህና ሁኑ።