የፋርማሲ ስህተት፣ ዝምታና የደመወዝ ቅጣት

የዛሬውን የአድማጮች ጥያቄ የሚመልሱልን ብዙ ዓመት በፋርማሲ የሠሩ ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ፋርማሲ ከከፈትኩ ሦስት ወሬ ነው። አምስት ሠራተኞች አሉኝ። ገና ስንጀምር «መድኃኒት የተሳሳተ ከደመወዙ ይቆረጥበታል» አልኳቸው። እስካሁን አንድም ስህተት አልሰማሁም። ደንቡ ሠራ ማለት ነው?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት ልል አሰብኩና ተውኩት። ሦስት ወር ሙሉ ስህተት ያልነበረበት ፋርማሲ አላየሁም። ስህተት የማይወራበትን ግን ብዙ አይቻለሁ። ሠራተኞችዎ ደመወዛቸውን ፈርተው ይሆናል። እኔም ብሆን ዝም ነው የምለው።

ጀማሪ ሳለሁ ለአንዲት እናት የስኳር መድኃኒት፣ ሜትፎርሚን ታዘዘ። እኔ ለኢንፌክሽን የሚሰጠውን ሜትሮኒዳዞል አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሁለቱ በፊደል ተራ ስለተደረደሩ ጎን ለጎን ነበሩ። ሴትየዋ እዚያው ቆመው ስትሪፑን ገልበጥ አደረጉና «ልጄ፣ የኔ ኪኒን እንዲህ አልነበረም» አሉኝ። ላብ አጠመቀኝ። ኃላፊዬ ግን አልጮኸችብኝም። «ና፣ መደርደሪያውን እንየው» አለችኝ። የዚያን ማታ ሁለቱን አራራቅናቸው። ከዚያ በኋላ ስሳሳት መጀመሪያ የምነግረው ለእሷ ነበር።

ስለዚህ ቅጣቱን ያንሱት። ደንብ እያወቀ የሚጥሰውን መጠየቅ ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ደብተር ያስቀምጡ፤ ጉዳት ሳያደርስ ለጥቂት የተያዘ ስህተት ሁሉ ያለ ስም ይጻፍበት። የመጀመሪያውን እርስዎ ራስዎ ይጻፉ። ቅዳሜ ጠዋት ከመክፈትዎ በፊት አሥር ደቂቃ አብራችሁ አንብቡት። መድኃኒቱ ሰው ላይ ጉዳት ካደረሰ ግን ደብተሩ አይበቃም፤ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት ይደረጋል።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ማታ ማታ ወረፋ ይበዛል። የሐኪሙ ጽሑፍ አይነበብም፣ ደንበኛው ይቸኩላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አትገምቺ። ሐኪሙ ጋ ደውዪ፤ ካላገኘሽው ማዘዣውን መልሺ። ደንበኛው ተናዶ ቢሄድም ይሂድ። ለምሳሌ ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ ሕመም ሲታዘዝ በሳምንት አንዴ ነው የሚወሰደው። በየቀኑ ከተወሰደ ሊገድል ይችላል። እንዲህ ያለውን ሁለት ሰው ሳያየው ከፋርማሲው አይውጣ።

ሰዓት አጻጻፍም ይታሰብበት። አንዳንዱ በፈረንጅ አቆጣጠር «8 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል፤ በሽተኛው ደግሞ ከምሳ በኋላ ይውጠዋል። «ጠዋት 2 ሰዓት» ብለሽ ጻፊ። ከዚያ «እንዴት ነው የሚወስዱት?» ብለሽ መልሰው እንዲነግሩሽ አድርጊ። «ገባዎት?» ካልሻቸው ሁሉም «አዎ» ነው የሚሉሽ።

ጥያቄ፦ እኔ ካሸር ነኝ። ይሄ ነገር እኔን ይመለከተኛል?

መልስ፦ እንዴታ! ስም የምትጠራው አንተ አይደለህ? «አልማዝ» ስትል ሁለት ሴት ብትነሳስ? በአባት ስም ጥራ።