ዝም ያለ ሕዋስ ሁሉ ጤነኛ አይደለም

የተከበራችሁ የላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ ተማሪዎችና እንግዶች፤ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አራት ቲዩቦች ነው። ድብቅ የቲቢ ኢንፌክሽንን ለመለየት ኳንቲፌሮን የተባለውን የደም ምርመራ ስንሠራ፣ ሁለቱ ቲዩቦች ኢሳት-6 እና ሲኤፍፒ-10 የተባሉ የባክቴሪያው ፕሮቲኖች ቁርጥራጭ ተቀብቶባቸዋል። በቢሲጂ ክትባት ውስጥ ስለማይገኙ የተከተበ ሰው በክትባቱ ሰበብ ፖዘቲቭ አይወጣም። በደሙ ያሉት ቲ-ሴሎች (የመከላከያ ነጭ የደም ሕዋሶች) ባክቴሪያውን ቀድመው ካወቁት፣ በ37 ዲግሪ ከ16 እስከ 24 ሰዓት ሲቆዩ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ የመከላከያ መልእክተኛ ፕሮቲን ይለቃሉ፤ እሱን ኢላይዛ በተባለው የላብራቶሪ ዘዴ እንለካለን።

የሁሉም ዐይን እነዚህ ሁለቱ ላይ ነው። እኔ የምከራከረው ለቀሩት ነው። አንዷ ማነቃቂያ የሌለባት ባዶ ናት፤ ደሙ ሳይቀሰቀስ በራሱ ምን ያህል ኢንተርፌሮን ጋማ እንደሚለቅ ታሳያለች። ሌላዋ ፒኤችኤ አለባት፤ ከቀይ ቦሎቄ የሚገኝ ፕሮቲን ነው (አዎ፣ ያው የምንበላው ቦሎቄ!)። ድሮ ቀይ የደም ሕዋሶችን አጣብቆ ለማስወገድ ነበር የሚፈለገው። በ1960 እ.ኤ.አ. ግን ፊላደልፊያ ውስጥ ፒተር ኖዌል፣ ከእንግዲህ አይከፋፈሉም የተባሉ ሊምፎሳይቶች (ቲ-ሴሎችም ያሉባቸው ነጭ የደም ሕዋሶች) በእሱ ተቀስቅሰው መከፋፈል መጀመራቸውን አሳየ።

አሁን ሲዲ4 የተባሉት ቲ-ሴሎቹ ቁጥራቸው በጣም የወረደ ታካሚ አስቡ። የቲቢ ቲዩቦቹ ዝም አሉ። ቲቢ ስለሌለበት ነው ወይስ ሕዋሶቹ አቅም ስላጡ? ፒኤችኤውም ካልቀሰቀሳቸው ውጤቱ ኔጌቲቭ አይባልም፤ «ያልተወሰነ» ነው።

ይህ ጥያቄ ለአገራችን አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ፣ አለርት ሆስፒታል ግቢ ባለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ ተመራማሪው ቶሬ ጎዳልና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን ሊምፎሳይት በሥጋ ደዌው ባክቴሪያ ቀስቅሰው ፈትነዋል። ሌፕሮማተስ በሚባለው ዓይነት የተያዙት ሰዎች ሕዋሶች ለዚያ ባክቴሪያ ምላሽ አልሰጡም፤ ጉድለቱም ለእሱ የተለየ ነበር። ማነጻጸሪያ ባይኖር ይህን መናገር አይቻልም ነበር።

የእጅ ሥራውን ላንሣ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ለቆላ የተሠራ ቫክዩም ቲዩብ ደሙን አጉድሎ ይስባል። በሲሪንጅ ቅዱና በየቲዩቡ 1 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። ማነቃቂያው ግድግዳው ላይ ስለሆነ አሥር ጊዜ ነቅንቁ፤ ደሙ ውስጡን ሁሉ ይንካ። ግን አትደብድቡት፤ ቲዩቡ ውስጥ ያለው ጄል ይረበሻል።

አንድ ልመና አለኝ። «ያልተወሰነ» ብላችሁ ስትልኩ ምክንያቱን ጻፉበት። የባዶዋ ንባብ ከፍ ብሎ ነው ወይስ የፒኤችኤዋ ዝቅ ብሎ? ለሐኪሙ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

አመሰግናለሁ።