ከዛፍ ውስጥ የሚመጣ ሰላምታ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከፖካሆንታስ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። አንድ ነገር ግን እስካሁን አለቀቀኝም።

ፖካሆንታስ ካውንቲ፣ ዌስት ቨርጂኒያ። ኮሮላዬን ታውቋታላችሁ። አሌጌኒ ተራሮች ላይ ስታቃስት ዋለች። አገሩ ጫካ ነው፣ ዳገትና ሸለቆ ነው። ከ2,400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ላይ በ2020 ቆጠራ የተገኘው ሰው 7,869 ነው። ስምንት ወንዞች ከዚያ ይነሳሉ። ደግሞ ካውንቲው የተሰየመላት ፖካሆንታስ፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ልጅ፣ እግሯ እዚያ ረግጦ አያውቅም። እሷ የቨርጂኒያ የባሕር ጠረፍ ልጅ ናት፣ በ1617 እንግሊዝ አገር ሞተች። ካውንቲው የተመሠረተው በ1821 ነው። ሰው በማያውቀው አገር ስሙ ሲኖር… እሺ፣ እሱ ይቆየን።

ግሪን ባንክ የምትባል መንደር አለች። እዚያ ሞባይል አይሰራም። ምክንያቱ ቴሌስኮፑ ነው፤ ከሰማይ የሚመጣ ሬድዮ ሞገድ ይሰማል። ዙሪያው ከ1958 ጀምሮ በሕግ ጸጥ እንዲል የተደረገ ነው። አጠገቡ በቤንዚን መኪና መሄድ አይቻልም፣ የካንዴላው ብልጭታ ይረብሸዋል። ናፍጣ ብቻ። ሳህኑ 100 ሜትር ስፋት አለው፣ ቁመቱ 148 ሜትር ነው። ከሱ በፊት የነበረው በ1988 አንድ ሌሊት ብቻውን ተደርምሶ አደረ። ሰው ግን አልተጎዳም፣ ተመስገን።

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቴን ነው። "ኔትወርክ የለም" የሚለውን ሳይ ደረቴ ቀለለኝ። ለጋሼ አለመደወሌ ለሁለት ቀን የኔ ጥፋት አልሆነም። የእማዬ ተዝካር ላይ እንዴት እንደተኳረፍን ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም።

ማታ ግን ያደርኩበት ክፍል ውስጥ የገመድ ስልክ ነበር።

ኮሞዲኖው ላይ፣ መጽሐፍ ቅዱሱ አጠገብ። ገመዱ ተጠማዞ ተቋጥሯል። መጀመሪያ ገመዱን ፈታሁት። ለምን እንደፈታሁት አላውቅም። ከዚያ አነሳሁት፣ "ቱ…" አለ። እንዴት ያለ ጥሩ ድምፅ ነው! የጋሼን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ፣ አሜሪካ ስገባ በቃሌ የያዝኩት የመጀመሪያው ቁጥር እሱ ነው። መምታት ጀመርኩ። አንድ ቁጥር ሲቀረኝ እጄ ቆመ። የመጨረሻዋ አራት ናት። ጣቴ አራት ላይ ነው። ምን እንደምለው እያሰብኩ ነበር። "ጋሼ፣ እኔ ነኝ" ልበል? ወይስ "እንዴት አመሸህ"? እንደዚያ እንዳለሁ ስልኩ ራሱ መጮህ ጀመረ፣ ቁጥር ሳይጨርሱ ሲዘገዩበት እንደሚጮኸው። አስቀመጥኩት።

ይኸው ነው። ሌላ የሆነ ነገር የለም። ግን በቀን አሥር ጊዜ ይመጣብኛል።

በማግስቱ ማርሊንተን ወረድኩ። የካውንቲው ዋና ከተማ ናት፣ ግሪንብራየር ወንዝ ዳር። በ1985 ወንዙ ሞልቶ ከተማዋን አጥለቅልቋት ነበር። ስሟን ያገኘችው ከጄከብ ማርሊን ነው። እሱና ስቴፈን ስዌል በ1749 መጥተው ጎጆ ቀለሱ። ምድሩ ሾኒ የሚባል ነባር ሕዝብ አደን የሚያድንበት ነበር፣ ባዶ አገር አልነበረም፤ እሱን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ሁለቱም እዚያ ብቻቸውን፣ ያ ሁሉ ጫካ ከቧቸው፣ በሃይማኖት ተጣሉ። በሃይማኖት! ስዌል ወጥቶ ሲካሞር የሚባል፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ትልቅ ዛፍ ውስጥ ገባ። ዘኬዎስ የወጣበትን ሾላም ፈረንጆቹ ሲካሞር ነው የሚሉት፣ ይሄኛው ግን ሌላ ዛፍ ነው። እንደሚባለው፣ ሁልጊዜ ጠዋት አንዱ ከጎጆው፣ አንዱ ከዛፉ ይወጡና ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር። "እንደምን አደርክ ማርሊን።" "እንደምን አደርክ ስዌል።" ከዚያ ወደየቤታቸው።

ይህን ሳስብ መጀመሪያ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። አንድ ማዕድ መቅረብ ካቃታቸው ሰላምታው ምን ይረባል? ወይስ… አይ፣ ይረባል መሰለኝ። እኔ አሁን ያንን "እንደምን አደርክ" ባገኝ ይበቃኝ ነበር። ይበቃኝ ነበር? እንጃ። እማዬ ብትኖር ምን ትል እንደነበር አውቃለሁ፣ ግን በሷ ስም መናገር አልፈልግም። ጋሼም የሚለው በሷ ስም ነው።

ስመለስ ከጸጥታው ክልል ስወጣ ስልኬ መንጫጫት ጀመረ። መኪናዋን ዳር አቁሜ አየሁ። ከሥራ፣ ከባንክ፣ ከእቁባችን። ከሱ የለም። ከየት ይመጣል፣ እኔስ መቼ ደወልኩ?

አንድሩ ሉዊስ የሚባል መሬት ቀያሽ ሁለቱን ያገኛቸው በ1751 ነው። ሁለት ዓመት ማለት ነው። እኔና ጋሼም መስከረም ሲጠባ ሁለት ዓመት ይሆነናል። ስዌል ግን በኋላ ወደ ምዕራብ ሄደ፣ እዚያም ተገደለ ይባላል። የማስበው ያንን ጠዋት ነው። ማርሊን ከጎጆው ወጥቶ፣ እንደለመደው ወደ ዛፉ ዞሮ…

እ… ቆይ፣ ውሃ ልጠጣ።